ጆን ኤፍ ኬኔዲና የኑክሌር ፍጥጫው 13 ቀናት

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ የተማሩ ሁሉ የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍትን ያውቁታል። ቤተ መጻሕፍቱ የተሰየመላቸው 35ኛው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ጆን ፊትዝጀራልድ ኬኔዲ በሥልጣን ላይ የቆዩት ሦስት ዓመት እንኳን ላልሞላ ጊዜ ነበር። ይሁንና በዚያ አጭር ዘመን ውስጥ የነበሩት 13 ቀናት አንድ አገር በጠላቷ የኑክሌር ጥቃት ስጋት ሲደቀንባት ምን ማድረግ ይገባታል ለሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ በዲፕሎማቶችና በጦር ባለሙያዎች ዘንድ ቀዳሚ ማስተማሪያ ሆነው ዘልቀዋል።

ኬኔዲ እ.ኤ.አ ሜይ 29 ቀን 1917 በማሳቹሴትስ ግዛት ብሩክላይን በተባለች ከተማ ተወለዱ። ከአየርላንድ የመጡ ስደተኞች ዝርያ ለሆነው ባለጸጋ ቤተሰብ ከዘጠኝ ልጆች ሁለተኛው ነበሩ። አባታቸው ጆሴፍ ኬኔዲ እ.ኤ.አ ከ1938 እስከ 1940 በብሪታኒያ የአሜሪካ አምባሳደር ሆነው በማገልገላቸው ወጣቱ ኬኔዲ አውሮፓ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስታዘግም በቅርብ የመመልከት ዕድል አግኝተዋል።

በዚያን ወቅት የብሪታኒያ መንግሥት ሂትለርን በማባበል ሰላም ይገኛል ብሎ በማመን እ.ኤ.አ በሴፕቴምበር 1938 የሙኒክን ስምምነት መፈረሙ የሚታወስ ነው። አምባሳደሩ አባት የዚህ ፖሊሲ ደጋፊ ነበሩ። ልጃቸው ግን በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለመመረቂያ ባዘጋጁት ጽሑፍ ብሪታኒያ ለጠላቷ ዝግጅት ተመጣጣኝ ምላሽ ለመስጠት የዘገየችበትን ምክንያት መረመሩ። ጽሑፉ እ.ኤ.አ በ1940 እንግሊዝ ለምን አንቀላፋች የሚል ትርጉም ባለው ርዕስ ታትሞ በሰፊው ተነበበ። ድክመት ጠላትን እንደሚጋብዝ ያስገነዘባቸው ይህ የመጀመሪያ ትምህርታቸው ነበር።

ሁለተኛውን ትምህርት የቀሰሙት ከጦር ሜዳ ነው። ኬኔዲ የባሕር ኃይል መኮንን ሆነው በሰለሞን ደሴቶች አካባቢ ያዟት የነበረችው አነስተኛ የጦር ጀልባ እ.ኤ.አ ኦገስት 2 ቀን 1943 በጃፓን የጦር መርከብ ተገጭታ ለሁለት ተሰነጠቀች። ከ13ቱ ባልደረቦች ሁለቱ ወዲያውኑ ሞቱ። ኬኔዲ በቃጠሎ የተጎዳ ባልደረባቸውን የነፍስ አድን ጃኬት ማሰሪያ በጥርሳቸው ነክሰው እየጎተቱ ለሰዓታት ዋኝተው ወደ አንዲት ደሴት አደረሱት። በሕይወት የተረፉት ሁሉ በአካባቢው ነዋሪዎች እርዳታ ከቀናት በኋላ ተገኙ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ታላቅ ወንድማቸው ጆሴፍ በበረራ ላይ ሳሉ በደረሰ ፍንዳታ ሕይወታቸው አለፈ። ከዚህ በኋላ ጦርነት ለኬኔዲ በካርታ ላይ የሚሰመር መስመር ብቻ አልነበረም።

እ.ኤ.አ በ1947 የተወካዮች ምክር ቤት አባል፣ በ1953 ደግሞ ሴናተር ሆኑ። በዚሁ ዓመት ጃክሊን ቡቪየርን አገቡ። በጀርባ ሕመምና ከሕዝብ በተሰወረ ሌላ ጽኑ ደዌ ቢሰቃዩም ለፕሬዝዳንትነት ተወዳድረው እ.ኤ.አ በኖቬምበር 1960 ሪቻርድ ኒክሰንን በጠባብ የድምፅ ልዩነት አሸነፉ። በምርጫ ዘመቻው ወቅት አሜሪካ በሚሳኤል ብዛት በሶቭየት ኅብረት ተበልጣለች የሚል ክስ ሲያሰሙ ነበር። ሥልጣን ከያዙ በኋላ የተጣራው መረጃ ግን ተቃራኒውን አሳየ፤ ብልጫው በከፍተኛ ደረጃ የአሜሪካ ነበር። የጠላትን አቅም በግምት መናገር ምን ያህል እንደሚያሳስት የራሳቸው ዘመቻ አስተማሪ ምሳሌ ሆነ።

እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 20 ቀን 1961 በ43 ዓመታቸው ቃለ መሐላ የፈጸሙት ፕሬዝዳንት የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሳለፉት በስኬት አልነበረም። በአሜሪካ የስለላ ድርጅት የሠለጠኑ 1 ሺህ 400 ያህል የኩባ ስደተኞች የፊደል ካስትሮን መንግሥት ለመጣል በኤፕሪል 1961 በአሳማዎች የባሕር ወሽመጥ ቢያርፉም በሦስት ቀናት ውስጥ ድል ተመትተው አብዛኞቹ ተማረኩ። ኬኔዲ የውድቀቱን ኃላፊነት በይፋ ወሰዱ። ከሽንፈቱ ያገኙት ትምህርት የጦርና የስለላ ባለሙያዎች በአንድ ድምፅ ያቀረቡትን ዕቅድ ሳይመረምሩ መቀበል አደገኛ መሆኑን ነበር።

በጁን 1961 በቪየና ከሶቭየቱ መሪ ኒኪታ ክሩስቾቭ ጋር ያደረጉት ውይይትም ከባድ ነበር። ክሩስቾቭ ወጣቱን ፕሬዝዳንት ልምድ የሌላቸውና በቀላሉ የሚገፉ አድርገው እንደገመቷቸው በርካታ የታሪክ ጸሐፍት ያምናሉ። በኦገስት ወር የበርሊን ግንብ ተገነባ። አሜሪካ በበኩሏ ካስትሮን ለማስወገድ በምስጢር የምታካሂደውን የማተራመስ ዘመቻ አላቋረጠችም። ኑክሌር የሚሸከሙ ጁፒተር የተባሉ 15 ሚሳኤሎችንም በሶቭየት ጎረቤት በቱርክ ተከለች። ክሩስቾቭ በኩባ ሚሳኤል ለመትከል የወሰኑት ኩባን ከወረራ ለመጠበቅና የኃይል ሚዛኑን ለማጥበብ በመሻት ነው። ስለዚህም ከፊታችን የምንተርከው ቀውስ የአንድ ወገን ሥራ ብቻ አልነበረም።

እ.ኤ.አ ኦክቶበር 16 ቀን 1962 ማለዳ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪው ማክጆርጅ በንዲ ዩ-2 የተባለው የስለላ አውሮፕላን ከሁለት ቀን በፊት ያነሳቸውን ፎቶግራፎች ይዘው ኬኔዲ መኝታ ክፍል ገቡ። ፎቶግራፎቹ ከአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ግዛት 150 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ኩባ፣ 2 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወነጨፉ የሶቭየት ሚሳኤሎች በመተከል ላይ መሆናቸውን አረጋገጡ። ዋሽንግተን ራሷ በዒላማ ክልል ውስጥ ገብታለች። የሶቭየት ባለሥልጣናት ይህ እንደማይደረግ ደጋግመው ቃል ገብተው ስለነበር ጉዳዩ የጦር ብቻ ሳይሆን የመታመንም ሆነ።

የኬኔዲ የመጀመሪያ እርምጃ ጊዜ መግዛት ነበር። ምስጢሩ እንዲጠበቅ አዘዙ፤ ሚኒስትሮችን፣ ጄኔራሎችንና ልምድ ያላቸውን ዲፕሎማቶች ያካተተ አማካሪ ቡድንም አሰባሰቡ። ጠላት ነገሩ መታወቁን እንዳይጠረጥር ቀድሞ የተያዙ የምርጫ ቅስቀሳ ጉዞዎቻቸውን አልሰረዙም። ኦክቶበር 18 ቀን የሶቭየቱን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንድሬ ግሮሚኮን በቤተ መንግሥታቸው ተቀብለው ሲያነጋግሩ እንኳን ፎቶግራፎቹን አላሳዩም። አማካሪዎቻቸው ፕሬዝዳንቱን ለማስደሰት ብለው ሐሳባቸውን እንዳያጥፉ ከአንዳንድ ስብሰባዎች ሆን ብለው ይቀሩ ነበር።

በቡድኑ ፊት የቀረቡት አማራጮች በርካታ ነበሩ። ነገሩን በዝምታ ማለፍ፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በኩል መክሰስ፣ ደሴቲቱን በባሕር መክበብ፣ የሚሳኤል ጣቢያዎቹን በአየር መደብደብ፣ በመጨረሻም ኩባን መውረር። የጦር ኃይሎች አዛዦች በአንድ ድምፅ ያለ ማስጠንቀቂያ ድብደባን፣ አስፈላጊ ሲሆንም ወረራን ደገፉ። የአየር ኃይሉ አዛዥ ጄኔራል ከርቲስ ለሜይ ከዚያ ያነሰ ማንኛውንም እርምጃ ከሙኒኩ ስምምነት ጋር በማነጻጸር የፕሬዝዳንቱን የቆየ የቤተሰብ ቁስል ነኩ።

ኬኔዲ የሙኒክን ትምህርት ከማንም በላይ ያውቁት ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት ያነበቡት የባርባራ ታክማን መጽሐፍ የአውሮፓ መንግሥታት እ.ኤ.አ በ1914 አንዳቸውም በቅጡ ሳያስቡት በተሳሳተ ስሌት ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት እንዴት እንደገቡ የሚተርክ ነበር። ፕሬዝዳንቱ መመለስ የነበረባቸው ጥያቄም ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች መካከል ይገኛል። ዝም ካሉ የ1938ቱ ስህተት ሊደገም፣ ከቸኮሉ ደግሞ የ1914ቱ እሳት፣ በዚህ ጊዜ በኑክሌር ቦምብ፣ ሊቀጣጠል ይችላል።

ውሳኔውን ያቀለለው አንድ ቁልፍ መረጃ ነው። ጥቃቱን የሚመሩት የአየር ኃይል ጄኔራል ድብደባው ሁሉንም ሚሳኤሎች ስለማውደሙ ዋስትና ሊሰጡ አልቻሉም። የተረፉት ጥቂቶች ቢተኮሱ የሚሊዮኖች ሕይወት ያልፋል። በተጨማሪም ሶቭየቶች በምላሹ ምዕራብ በርሊንን ሊይዙ እንደሚችሉ ይገመት ነበር። ስለዚህ ኬኔዲ በመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ማክናማራ የተደገፈውን የባሕር ከበባ መረጡ። ከበባ በዓለም አቀፍ ሕግ እንደ ጦርነት ድርጊት ስለሚቆጠር እርምጃው ኳራንቲን የሚል ስያሜ ተሰጥቶት የጦር መሣሪያ የጫኑ መርከቦችን ብቻ የሚያግድ ሆነ። የአሜሪካ አገሮች ድርጅትም ኦክቶበር 23 ቀን ድጋፉን በመስጠቱ እርምጃው የአንድ አገር ዛቻ ከመሆን ይልቅ የአህጉሩን ይሁንታ ያገኘ ውሳኔ ለመሆን በቃ።

ኦክቶበር 22 ቀን ምሽት ፕሬዝዳንቱ በቴሌቪዥን ቀርበው ጉዳዩን ለሕዝባቸውና ለዓለም አስታወቁ። ከኩባ የሚተኮስ ማንኛውም ሚሳኤል ከሶቭየት ኅብረት እንደተተኮሰ ተቆጥሮ ሙሉ አጸፋ እንደሚያስከትል ገለጹ። በዚያው ጊዜ ደግሞ በቱርክ ያሉት የአሜሪካ ሚሳኤሎች ያለ ራሳቸው ቀጥተኛ ትእዛዝ እንዳይተኮሱ ጥብቅ መመሪያ አስተላለፉ። ቃሉ ጠንካራ፣ የትእዛዝ ሰንሰለቱ ግን የተቆለፈ እንዲሆን መፈለጋቸውን ይህ ያሳያል።

በቀጣዮቹ ቀናት ዓለም ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች። የአሜሪካ ስትራቴጂክ አየር ኃይል ከጦርነት በአንድ ደረጃ ዝቅ ወዳለው የተጠንቀቅ ደረጃ ከፍ አለ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተጠባባቂ ዋና ጸሐፊ ዩ ታንት ሁለቱም ወገኖች እንዲታገሡ ጥሪ አቀረቡ። መሣሪያ ጭነዋል ተብለው ከተጠረጠሩት የሶቭየት መርከቦች አብዛኞቹ ከመስመሩ ሳይደርሱ ቆሙ ወይም ተመለሱ። ነዳጅ የጫነች አንዲት የሶቭየት መርከብ ግን ሳትፈተሽ እንድታልፍ ኬኔዲ ፈቀዱ፤ ክሩስቾቭ ተጨማሪ የማሰቢያ ሰዓት እንዲያገኙ አስበው ነበር።

ቅዳሜ ኦክቶበር 27 ቀን ከሁሉም የከፋው ዕለት ሆነ። አንድ ዩ-2 አውሮፕላን በኩባ ሰማይ ላይ ተመትቶ አብራሪው ሻለቃ ሩዶልፍ አንደርሰን ተገደሉ። ሌላ ዩ-2 መንገድ ስቶ የሶቭየት አየር ክልል ውስጥ ገባ። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ደግሞ የአሜሪካ የጦር መርከቦች በማስጠንቀቂያ ፈንጂ እያስጨነቋት የነበረች የሶቭየት ሰርጓጅ መርከብ የኑክሌር ቶርፔዶ ታጥቃ ነበር፤ ይህን በዋሽንግተን የሚያውቅ አልነበረም። ቶርፔዶው እንዳይተኮስ የከለከሉት ቫሲሊ አርኪፖቭ የተባሉ መኮንን እንደነበሩ ባልደረቦቻቸው ከዓመታት በኋላ መስክረዋል። ሁለቱ መሪዎች ጦርነት ባይፈልጉ እንኳን ጦርነቱ ከእጃቸው አምልጦ ሊጀመር ተቃርቦ ነበር።

አውሮፕላን ከተመታ የመታው ጣቢያ ይደበደባል የሚል ቀደም ያለ ስምምነት ቢኖርም ኬኔዲ ትእዛዙን አልሰጡም። በዚሁ ጊዜ ከሞስኮ ሁለት የተለያዩ ደብዳቤዎች ደርሰው ነበር። የመጀመሪያው አሜሪካ ኩባን ላለመውረር ቃል ከገባች ሚሳኤሎቹ እንደሚነሱ የሚጠቁም ሲሆን ሁለተኛው በቱርክ ያሉት ጁፒተሮችም እንዲነሱ የሚጠይቅ ነበር። ፕሬዝዳንቱ የመጀመሪያው ሐሳብ ጊዜው አልፎበታል ብለው ሲጠራጠሩ ቀደም ሲል በሞስኮ አምባሳደር የነበሩትና ክሩስቾቭን በቅርብ የሚያውቁት ሉዌሊን ቶምሰን ተቃወሟቸው። የሶቭየቱ መሪ ኩባን አዳንኩ ብለው ለሕዝባቸው መናገር ከቻሉ እንደሚበቃቸው አስረዱ። ፕሬዝዳንቱም የባለሙያውን ምክር ተቀበሉ።

በዚያው ምሽት የፕሬዝዳንቱ ወንድምና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሮበርት ኬኔዲ የሶቭየቱን አምባሳደር አናቶሊ ዶብሪኒንን በምስጢር አነጋገሩ። በይፋ ኩባን ላለመውረር ቃል እንደሚገባ፣ በቱርክ ያሉት ሚሳኤሎችም በጥቂት ወራት ውስጥ እንደሚነሱ፣ ይህ ሁለተኛው ጉዳይ ግን በምስጢር መያዝ እንዳለበት ገለጹ። በማግሥቱ እሑድ ኦክቶበር 28 ቀን ክሩስቾቭ ሚሳኤሎቹ ተነቅለው እንደሚመለሱ በሬዲዮ አስታወቁ። የባሕር ዕገዳው በኖቬምበር 20 ቀን ተነሳ፤ በቱርክ የነበሩት ጁፒተሮችም እስከ ኤፕሪል 1963 ድረስ ተነሱ።

የኬኔዲ ትዕግሥት ትክክል እንደነበር የታወቀው ከ30 ዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ በ1992 በሃቫና በተካሄደ ጉባኤ የቀድሞ የሶቭየት መኮንኖች በወቅቱ በኩባ ከ40 ሺህ በላይ የሶቭየት ወታደሮችና ወራሪን ለመመከት የተዘጋጁ የአጭር ርቀት የኑክሌር መሣሪያዎች እንደነበሩ ይፋ አደረጉ። የአሜሪካ ስለላ የወታደሮቹን ቁጥር የገመተው ከዚህ በብዙ እጥፍ አሳንሶ ነበር። ወረራው ተካሂዶ ቢሆን የአሜሪካ ወታደሮች በባሕሩ ዳርቻ ላይ የኑክሌር ጥቃት ሊጠብቃቸው ይችል ነበር።

ይሁን እንጂ የኬኔዲ አያያዝ ከነቀፋ ነጻ አይደለም። የቱርኩ ስምምነት ከአማካሪዎቻቸው እንኳን ከጥቂቶቹ በስተቀር የተሰወረ ነበር፤ በይፋ የተረጋገጠውም በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። በመካከሉ ባለፉት ዓመታት የዋሽንግተን ባለሥልጣናት ጠላት የተንበረከከው በጽናት ብቻ ነው ብለው አመኑ፤ ይህ ግማሽ እውነት በኋለኞቹ ግጭቶች የተሳሳተ ድፍረት እንደሰጣቸው የሚከራከሩ ምሁራን ጥቂት አይደሉም። የኩባ መንግሥት በበኩሉ በራሱ ምድር ላይ በተደረገ ስምምነት ሳይጠየቅ በመቅረቱ ቅሬታውን ገልጿል። ኃያላኑ የተደራደሩበት የትንሽ አገር ጥቅም ምን ያህል በቀላሉ እንደሚዘነጋም ታየ።

ኬኔዲ ራሳቸው ከቀውሱ የወሰዱት መደምደሚያ በቀጣዩ ዓመት በሥራ ተገለጸ። በፍጥጫው ወቅት የመሪዎቹ ደብዳቤዎች ለመድረስ ሰዓታት ይወስዱ ስለነበር በጁን 1963 ሞስኮና ዋሽንግተንን በቀጥታ የሚያገናኝ የቴሌፕሪንተር መስመር ለመዘርጋት ስምምነት ተፈረመ። በዚያው ወር በዋሽንግተን በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ንግግር የአገራቸው ሕዝብ ለሶቭየት ኅብረት ያለውን አመለካከት እንደገና እንዲመረምር ጠየቁ። ኦገስት 5 ቀን 1963 በሞስኮ አሜሪካ፣ ብሪታኒያና ሶቭየት ኅብረት በከባቢ አየር፣ በጠፈርና በውኃ ውስጥ የኑክሌር ሙከራን የሚከለክለውን ውል ፈረሙ። የአሜሪካ ሴኔት ውሉን በ80 ድጋፍና በ19 ተቃውሞ አጸደቀው። የመሬት ውስጥ ሙከራ ሳይከለከል ቢቀርም ከኑክሌር ዘመን መባቻ ወዲህ የመጀመሪያው ተጨባጭ ገደብ ነበር።

በዚህ ሂደት ኢትዮጵያ ተመልካች ብቻ አልነበረችም። የኑክሌር መሣሪያን መጠቀም ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቻርተር ጋር የሚጻረር መሆኑን የሚያውጀው የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ እ.ኤ.አ በኖቬምበር 1961 በኢትዮጵያ ግንባር ቀደም አቅራቢነት ጸድቋል፤ የኬኔዲ መንግሥት በወቅቱ የተቃውሞ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። ከ1962 ጀምሮም ኢትዮጵያ በጄኔቭ በተቋቋመው የ18 አገሮች የትጥቅ ማስፈታት ኮሚቴ ውስጥ ከስምንቱ ገለልተኛ አገሮች አንዷ ሆና ሠርታለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦክቶበር 1963 መጀመሪያ ዋሽንግተንን ሲጎበኙ ኬኔዲ በባቡር ጣቢያ ተገኝተው የተቀበሏቸው ሲሆን ንጉሠ ነገሥቱ ከቀናት በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት ባሰሙት ንግግር ትጥቅ መፍታትን አንዱ ዐቢይ ጉዳይ አድርገው አንሥተዋል። በኬኔዲ የተመሠረተው የሰላም ጓድም ከ1962 ጀምሮ በርካታ መምህራንን ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ልኳል።

ከጉብኝቱ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 22 ቀን 1963፣ ኬኔዲ በዳላስ ከተማ በጥይት ተመትተው በ46 ዓመታቸው ሕይወታቸው አለፈ። ኖቬምበር 25 ቀን በአርሊንግተን የመቃብር ስፍራ ሲቀበሩ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ሻርል ደጎልና ከሌሎች መሪዎች ጋር አስከሬኑን በእግር አጅበዋል።

ኬኔዲ በሕይወት ሳሉ የኑክሌር ባለቤት አገሮች ቁጥር በ1970ዎቹ ከ15 እስከ 25 ሊደርስ ይችላል የሚል ስጋት ገልጸው ነበር። እ.ኤ.አ በ1970 ሥራ ላይ የዋለው የኑክሌር መሣሪያ መስፋፋትን የሚከለክለው ስምምነት ያን ስጋት ቢገታውም ጨርሶ አላስወገደውም፤ ሰሜን ኮሪያ በ2006 የመጀመሪያ ሙከራዋን ማድረጓ ለዚህ ማሳያ ነው። አዲስ ፍጥጫ በተከሰተ ቁጥርም መንግሥታት ወደ እነዚያ 13 ቀናት መዛግብት ይመለሳሉ። በመዛግብቱ ውስጥ የሚያገኙት መሪ ጦሩን አዘጋጅቶ ያልተኮሰ፣ መረጃን ከባለሙያ አፍ የሰማ፣ ከአንድ በላይ አማራጭ በፊቱ እስኪቀርብለት የታገሠና ባላጋራው በክብር የሚመለስበትን መንገድ ክፍት የተወ ነው። ከሦስት ዓመት ካልሞላው የሥልጣን ዘመናቸው ለትውልድ የተረፈው ትልቁ ቅርስም ይኸው ነው።